ጥልፍ

ከናሪን ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ፣
በረዶው ሲያንሸራትት፣ መኪናው ሲንገዳገድ፣
በቦርሳዬ እርሳስ፣ አርባ ባዶ መጠይቅ፣
ከየቤቱ በዕጣ አንዲት ሴት ልጠይቅ
መጣሁ።

ኑርዛት እባላለሁ። የምከፈለው በተሞላ ቅጽ ነው።
በቅጹ ላይ መንደር ስም የለውም፤ መቶ አሥራ ሰባት ነው።
ሴትም ስም የላትም፤ መስመር አራት ትባላለች።
ለእናንተ ሳይራጉል ልበላት፤
እሷ ግን ሌላ ስም አላት።

ዕጣው ዋርሳዋን ዘሎ እሷን መታ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ አራት ልጅ፣ ግድግዳ ሙሉ ጥልፍ፤
ቀይ የበግ ቀንድ፣ በጥቁር ከፋይ ላይ የሚተጣጠፍ።
"ማን ጠለፈው?" አልኳት፣ ጨዋታ ለማስጀመር።
"እኔ። እዚህ ቤት ስመጣ፣ የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ነበር።"

ተቆጣጣሪያችን ቺናራ ነግራናለች፦ ትልቁን ቃል አትጥሪ፤
"ተደፍረሽ ታውቂያለሽ?" አትበይ፤ ድርጊቱን ዘርዝሪ።
ቃሉን የሰማች ሴት በሯን ትዘጋለች፣
ድርጊቱን የሰማች ግን ቀኑን ታስታውሳለች።

እናም ስዘረዝር፣ በጥፊ፣ በእርግጫ፣ ጸጉርሽን ይዞ፣
በሩ ተከፈተ።
አማቷ ገባች፣ ከሰሏን በባልዲ ይዛ፤
ከምድጃው ሥር ተቀመጠች፣
ዓይኗ ከእሳቱ ጋር፣ ጆሮዋ ከእኛ ጋር።

ገጹን ገለበጥኩ።
እንዲህ ላለው ሰዓት የተዘጋጀ ገጽ አለን።
"በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ካሮት በላሽ?"
የሳይራጉል ዓይን እንኳ አልተንቀሳቀሰ።
"ሦስት።"
"ጥቅል ጎመንስ?"
"ሁለት።"
"ድንች?"
"ድንችማ መች ይቀራል።"
አሮጊቷ ከምድጃው ሥር፦ "ቀይ ሥርም ጻፊ፣ ጓዳው ሙሉ ነው።"
ጻፍኩ።
እንዲህ ሆነን ቆየን፣ ሁለት ሴቶች፣
ከአንድ ካሮት ጀርባ የተደበቅን።

ላሟ እምቧ አለች፤ አሮጊቷ ወጣች።
ወደ ገጼ ተመለስኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።
"ሳትፈቅጂ፣ በጉልበት፣ ማንም፣ መቼም…?"
"አይ" አለች። "ማንም።"
እርሳሴ ወደ ቁጥር ሁለት ወረደ። ሁለት ማለት የለም ነው።

"እኔ እንኳ ተጠልፌ ነው የመጣሁ" አለች፣
"ዝናብ ይዞኝ ነው የዘገየሁ" እንደሚል እንግዳ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከፈተና ስትመለስ፣ ሦስት ወንድ፣ አንድ መኪና።
ነጩን ሻሽ ያሰረችላት ይቺው አማቷ ናት፤
እጇን የያዟትም ሴቶች።
"ሌሊቱም… ሌሊት ነው። ያ ይቆጠራል እንዴ?"

ማብራራት ክልክል ነው። ቃል መተርጎም ክልክል ነው።
ጥያቄውን እንዳለ ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደው።
ደግሜ አነበብኩ።
ጥልፉን አየች። ከአንዱ ቀንድ ክር ወጥቷል፤
በጣቷ መልሳ ሸጎጠችው።
"አይ።"

በኅዳጉ ላይ "ተጠልፋ" ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤
ግን ማሽኑ ኅዳግ አያነብም፣ ሳጥን ነው የሚያነበው።
የተጠለፈችው ናት የጠለፈችው፣
ከፊት አበባ፣ ከኋላ ቋጠሮ አድርጋ የሰፋችው፤
ቅጹ የሚያየው ከፊት ነው።
ቢሽኬክ ቢሮው ውስጥ አንዷ በአንድ ሺህ አራት መቶ ትባዛለች፤
እርሳሴ ሁለት ላይ ባረፈ ጊዜ
አንድ ሺህ አራት መቶ ሴት፣ በማላውቀው ቤት፣
ክሯን ሸጎጠች።

መኪናው ሊነሳ ሲል አሮጊቷ ወደ መስኮቴ መጣች፣
አንድ ብልቃጥ ቀይ ሥር በጋዜጣ ጠቅልላ።
"እኔንስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"
"ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በላይ አንጠይቅም፣ እማማ።"
ሻሿን አጠበቀች። ሳቀች መሰለኝ።
"ቢሆንም ጻፊው" አለች፤
"እኔም በጊዜዬ ብዙ ካሮት በልቻለሁ።"